ምስማር ላይ የዋለ ባጅ

አራት ወር ማለት አሥራ ሰባት ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ክፍሉ ይከፈታል፣ በቀን ሁለት በሽተኛ ይገባል፣ ይኸው መቶ ሁለት በሽተኛ፤ እያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ጨረር ቢወስድ እንኳ ሠላሳ አራት ሰዓት ይመጣል፤ ሠላሳ አራት ሰዓት ሙሉ ታናሽ እህቷ ሆዷን ይዛ ከዚያ ማሽን አጠገብ ቆማለች ማለት ነው። ትገለበጣለች። ወደ ግድግዳው ዞራ እንደገና ታሰላለች፤ ምናልባት ሐኪሙ ፈቃድ ወጥቶ ነበር፣ ምናልባት ማሽኑ ተበላሽቶ ሰንብቷል፣ ምናልባት መብራት ጠፍቷል፣ ዕድሜ ልኳን መብራት ጠፋ እያለች ስታማርር የኖረች ሴት ዛሬ ምነው ወር ሙሉ በጠፋ ኖሮ ትላለች። ቁጥሩ ግን አልቀንስም ብሎ ድርቅ። እኩለ ቀን ነው፣ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ከመጋረጃው ሥር ሾልኮ የሚገባው ብርሃን ግራ ዓይኗ ላይ ሲደርስ እንደ ቆሸሸ መስተዋት ይደፈርሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ወጥቷል። እሷ አሞኛል ብላ ቀርታለች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እንቅልፍ ካየች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

እሑድ ዕለት ነው ሚጣ የደወለችው። ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ሠላሳ ዓመት አልፏት፣ ባል አግብታ፣ ነርስ ሆና እንኳ ሚጣ ናት፤ በቤቱ የመጨረሻ ልጅ መሆን ዕዳው ይኸው ነው። «እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እልል እንዳትይ፣ እማዬ ሳሎን ናት» ብላ በሹክሹክታ ጀመረች። «አራት ወሬ ነው።» እልል አላለችም። «ለሥራ ቦታ ተናግረሻል?» አለቻት። «አበድሽ እንዴ? ከክፍሉ ያወጡኛላ! ደግሞ ምን ችግር አለው፣ ወረቀቴ እንደሆነ ዜሮ ነው። እንዳንቺው» አለችና ሳቀች። እንዳንቺው። እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት፤ ቀጥላም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብላ ዘጋችው። ኔትወርኩ እንኳ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም ነበር።

የልብ ምታቸው የሚዘባረቅባቸው ሰዎች የሚታከሙበት ክፍል ነው የሁለቱም ሥራ፤ አንዷ እዚህ ሰው አገር፣ አንዷ እዚያ አገር ቤት። ሐኪሙ በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ሽቦ ያስገባና እስከ ልብ ድረስ ይወስደዋል፣ አጥፊዋን ነጥብ ፈልጎ ይተኩሳታል፣ በሽተኛው ማግስቱን ተነስቶ ይሄዳል፣ ይመርቃል፣ ቸኮሌት ያመጣል። ሽቦው የት እንደደረሰ የሚታየው በራጅ ጨረር ነው፤ የሐኪሙ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ጨረሩ ይበራል፣ ሲያነሳ ይጠፋል። የእሷ ሐኪም እግር ማንሳት አይወድም። በልቧ «አንድ ደቂቃ» ብላ ስም አውጥታለታለች፤ እግሩን ፔዳሉ ላይ ተክሎ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ሲል አርባ ደቂቃ ይሞላል። ሥራው ሲያልቅ ደቂቃውንና የጨረሩን መጠን ከማሽኑ ላይ አንብባ ጮክ ብላ የምትናገረው፣ በበሽተኛው መዝገብ የምትጽፈው እሷ ናት። ለአንድ ቀን የመጣ በሽተኛ ስንት ጨረር እንዳገኘ እስከ ነጥቡ ድረስ ይጻፍለታል። ከአልጋው ማዶ ዘጠኝ ዓመት ለቆመችው ግን ማን ይጻፍላት፤ እሷም ብትሆን እንዳይጻፍባት ስትሸሽ ነው የኖረችው።

እማዬ ደግሞ አለች። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሥራሽ ምንድን ነው ስትላት በደንብ ላስረዳት ብላ «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ እርሳስ ለብሼ ነው የምውለው» አለቻት፤ የእርሳስ ሽርጥ ነው፣ የደረቀ ቆዳ የመሰለ፣ ከነአንገትጌው አንድ ሕፃን የሚያህል ክብደት ያለው። እማዬ ከመጻፊያው እርሳስ ሌላ እርሳስ አታውቅ፤ የሰማችውም እርሳስ ይዤ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ቢሮ ገባች፣ በእርሳስ ስትጽፍ ነው የምትውለው፣ እስክሪብቶ የሚሰጧት ደግሞ ሹመት ሲመጣ ነው ብላ አወራች። ለማረም ሞክራ ነበር። «አይ እማዬ፣ ለጨረር ነው የምንለብሰው» ብትላት «ፀሐዩ እዚያ እንዲህ ይከራል? ታዲያ ጥላ አትይዢም?» አለቻት። ሳቀችና ተወችው። መተው ቀላል ነበር፤ ወገቤ በክብደቱ ተቆርጧል ከማለት ቢሮ ነኝ ማለት ይቀላል፤ ከዚያ ወዲህ እንዴት ነሽ ስትባል ደህና ነኝ፣ ሥራስ ስትባል ቀላል ነው፣ ጤናስ ስትባል እንደ ብረት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ፤ ስንቁ አልቆ ውሸቱ ብቻ ነው የቀራት።

ባጇን በመጀመሪያ ታደርጋት ነበር። የክብሪት ሳጥን የማታክል ነገር ናት፣ ደረት ላይ ትለጠፋለች፣ ጨረር ትቆጥራለች፣ በየሦስት ወሩ ተሰብስባ ትላክና ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በሁለተኛው ወረቀት የእሷ ቁጥር በቀይ ተሰመረበት። የጨረር ጥበቃው ሰውዬ ጠርቶ አስቀመጣት፣ ውሃ አቀረበላት፣ ውሃ ሲያቀርቡ መጥፎ ነገር እንደሚከተል ያኔ ነው የተማረችው፤ ለደኅንነትሽ ስንል ለጥቂት ወር ወደ ሌላ ክፍል እናዛውርሻለን አላት። የመኖሪያ ፈቃዷ ላይ ግን የተጻፈው ይህ ክፍል ነው፤ ክፍሉን ከለቀቀች ፈቃዱ ይወድቃል፣ ፈቃዱ ከወደቀ ሻንጣ ነው። ለደኅንነቷ ሲሉ ሊያባርሯት ነበር። ያን ቀን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስታለቅስ ጎባጣዋ ነርስ መጣች፤ ሃያ ዓመት እርሳስ ተሸክማ ከወገቧ የታጠፈች፣ ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት የቀራት ሴት። ክንዷን ይዛ ቁም ሳጥኗን ከፈተችላት። ውስጡ ምስማር አለ፤ ምስማሩ ላይ ባጅ ተንጠልጥላለች። «እዚህ ክፍል ውስጥ ጨረር የሚያገኘው ባጅ የሚያደርግ ሰው ብቻ ነው» አለቻት። «እኛን ተመልከቺን። ሁላችንም ንጹሖች ነን።» ለሰውዬው ባጄን ማሽኑ ላይ ረስቼው ነበር አለችው፣ እሱም ደስ ብሎት አመናት፣ ማመን ሥራ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ወረቀቱን እያየ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ እያለ ያልፋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ይሄ ሁሉ የራሷ ጉዳይ ነው። በገዛ እጇ ነው፣ ዝም ብላ ትችለዋለች። ዛሬ ጣሪያ ላይ እያፈጠጠች የማትችለው ሌላውን ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚያ አገር የልብ ምት ክፍል ተከፈተ፣ ሚጣን መረጧት፣ የመረጧትም እህቷ ውጭ እዚሁ ሥራ ላይ ናት፣ እየደወለች ትጠይቃለች ብለው ነው። ደወለች እንጂ። በየቀኑ ትደውላለች። ሽቦዎቹን በየተራቸው እንዴት እንደሚደረድሩ፣ የእርሳስ ሽርጥ ይሰቀላል እንጂ አይታጠፍም፣ ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ሐኪሙ ሲቆጣ መልስ አይሰጥም፣ ይሄን ሁሉ በስልክ አስተምራታለች፣ ኩራት ኩራትም ብሏታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቧ ውስጥ ሥራዋን የሚያውቅ ሰው አገኘች። ከዚያ የሚጣም ቁጥር በቀይ መጣ። ሊያወጡኝ ነው ብላ አለቀሰች። ይህችኛዋ ደግሞ እዚህ ባስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረት ይዛ፣ እየሳቀች «ታዲያ ባጁን ማን አድርጊ አለሽ? ምስማር የለም እንዴ ቤታችሁ?» ትላታለች። «ኧረ እታለም፣ ጉዳት ቢኖረውስ?» «እኔ ስድስት ዓመቴ አይደል? ምን ሆንኩ? ምንም አይነካሽም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ሰው በእናቱ ይምላል፣ በአባቱ አጥንት ይምላል፣ እንጀራዬን ይንሳኝ ይላል፤ እሷ ዓይኗን አስያዘች። አምስት ወር ይሆናል፤ ሥራ አልቆ ቁጥሩን ስታነብ አርባ ሦስቱን አርባ ስምንት አለችው፣ ሐኪሙ «አንድ ደቂቃ» ዞር ብሎ አያትና የኔን ኃጢአት አታብዢ አለ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ዓይኗን አሸችው፣ አልጠራም። ቀኙን ስትጨፍን ዓለም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የዓይን ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደስተኛ ነው፣ በሽታ ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል፤ ከሌንሱ ጀርባ ሞራ አለ፣ በአርባ አንድ ዓመት እዚህ ቦታ ላይ አይመጣም፣ ጨረር ያለበት ትሠሪያለሽ እንዴ አላት። እሠራለሁ። መነጽር ታደርጊያለሽ? የእርሳስ መነጽርማ አለ፣ ሦስት፤ አንዱ የ«አንድ ደቂቃ» ነው፣ ሌላው የእንግዳ ሐኪም፣ ሦስተኛው ከአፍንጫዋ ላይ እየተንሸራተተ ሽቦ ላይ ስለሚወድቅ አውልቂው ተብላለች። ከጣሪያ የሚንጠለጠል መከላከያ መስተዋትም አለ፤ የሚጠጋው ግን ለማን እንደሆነ ሳይነገር ይታወቃል። «አይዞሽ፣ ሌንሱን አውጥተን ሌላ እንተካለን፣ ቀላል ነው» አላትና ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤውን አምስት ወር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞረች።

ዛሬ ጠዋት ግን ወሰደችው። ለራሷ ብላ አይደለም፣ ቢያንስ እንደዚያ ነው ለራሷ የምትነግረው፤ አንድ ሰው፣ ማኅተም ያለው ሰው፣ አዎ ጨረር ነው ብሎ ቢጽፍላት ለሚጣ ልትልክላት ነው፤ በእሷ አፍ ከሚሆን በወረቀት ይሁን ብላ ነው። የሠራተኛ ጤና ቢሮዋ ሴትዮ ደግ ናት፣ ወንበር አቀረበችላት፣ ውሃ አላቀረበችም፣ ያንን እንደ ጥሩ ምልክት ወሰደችው። ኮምፒውተሩን ታየዋለች፣ ትገረማለች፣ ወደ እሷ ታዞርላታለች። ዘጠኝ ዓመት፣ ሠላሳ ስድስት ጊዜ፣ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከመለኪያ በታች። «እንዲህ ያለ ንጹህ መዝገብ አይቼ አላውቅም» ትላለች ሴትዮዋ። «እንግዳ ተቀባያችን እንኳ ከዚህ የበለጠ ሳታገኝ አትቀርም። ዓይንሽ ከሥራሽ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም፤ በዘር ይኖርባችሁ ይሆን?» ቀጥላ አንዲት ቅጽ ትሰጣታለች፤ ባጅሽን ሁልጊዜ ታደርጊ ነበር? አዎ፣ አይ። አይ ብትል ደንብ ጥሳለች፣ ፈቃዱም በመጪው ወር ይታደሳል። እስክሪብቶውን አነሳች። አዎ ላይ ምልክት አደረገች። በዘር ይኖርብን ይሆናል አለች፣ እማዬ በሰባ ዓመቷ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ ሴት ናት፣ ዘሯን ሁሉ በአንድ ቃል አሳውራው ወጣች።

እና አሁን አልጋው ላይ ናት። ንጹህ ሆና። ሚጣም እዚያ ንጹህ ሆና እርጉዝ ናት፣ ወረቀት የለም፣ ማኅተም የለም፣ ያለው የእሷ አፍ ነው። የእርሳሱ ሽርጥ ሆዷን ይሸፍነዋል፣ አብዛኛውን ይከለክላል፣ ይህን ታውቃለች፣ ሦስት ቀን ሙሉ የያዘችው ይህንን ገመድ ነው፤ ግን ሽርጡ አርጅቶ ቢሆንስ፣ ተሰንጥቆ ቢሆንስ፣ አንዱ ሰነፍ አጣጥፎ አስቀምጦት ቢሆንስ፤ ይህን የምትናገረዋ አንዲት ባጅ ነበረች፣ እሷን ደግሞ እኔ ነኝ ያሰቀልኳት ትላለች። ዝም ብትል ምናልባት ምንም አይሆንም። ዝም ብላ አንድ ነገር ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ በምን አፏ እንዴት ነሽ ትላታለች? እዚያ ከምሳ የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ተነስታ ተቀመጠች። ስልኩን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ደወለች።

«እታለም! ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና ነሽ?»

«ደህና...» አፏ በልማዱ ጀመረና ቆመ። «ባጅሽ የት ናት?»

«የት ትሆናለች፣ ቦታዋ ናታ።»

«ሚጣ፣ ስሚኝ። እስቲ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልስማሽ፣ በሽተኛ ሊገባ ነው።»

«አትግቢ።»

«ምን?»

«ዛሬ አትግቢ። ለኃላፊሽ እርጉዝ ነኝ በያት። ባጁንም አላደርግም ነበር በያት።»

ሚጣ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተበላሸ። «ምን ነካሽ? አንቺ ስትሠሪበት እንደ ብረት የነበርሽ፣ እኔ ሳረግዝ ነው መርዝ የሚሆነው? ሦስት ዓመት ለፍቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ነገ ሌላ ሰው ይተካሉ፣ ወልጄ ስመለስ ወዴት ልገባ ነው?»

«ግራ ዓይኔ ደፍርሷል» አለቻት። «ከጨረሩ ነው። ኦፕራሲዮን ሊያደርጉኝ ነው።»

ከወዲያ በኩል የአልጋ ጎማ ይሰማል፣ ሰዎች ያወራሉ፣ በር ይዘጋል። ዓይኔ ደፍርሷል የሚለው ቃል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከተናገረችው ሁሉ አጭሩ ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ሚጣ።

መዋሸት ትችል ነበር። ትናንት ነው የነገሩኝ ማለት ይቻላል፣ ማን ይመረምራል። «አምስት ወሩ ነው» አለች።

«አምስት ወር።» ሚጣ ቃሉን እንደ እንግዳ ዕቃ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «እኔ እኮ አራት ወሬ ነው።»

ስድብ ብትሰድባት ይቀላት ነበር፣ ሚጣ ደግሞ መሳደብ ታውቅበታለች፣ ዛሬ ግን ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነ። «ስንት ደርሶበት ይሆን? አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። እስቲ አስቢልኝ።»

«አይታወቅም፣ ሚጣዬ። ሽርጡ ይከለክላል። ምንም ላይሆን ይችላል። እውነቴን ነው፣ ምንም ላይሆን ይችላል።»

«እውነቴን ነው አትበይኝ።»

«እሺ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባላረግዝ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

ሚጣ በዚያው ክፍል ሃያ ዓመት ትቆም ነበር፣ እሷም በየቀኑ እየደወለች ስለ ሽቦ ታስተምራት ነበር፣ ሞራውንም አስወግዳ፣ ሌንስ አስተክላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትኖር ነበር፤ ይህን ሁሉ አየችው፣ ጥርት ብሎ ታያት። «አልነግርሽም ነበር» አለች።

«ሲስተር! በሽተኛው ገብቷል እኮ!» የሚል የወንድ ድምፅ ከሩቅ መጣ። ሚጣ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ «ሌላ ሰው ፈልጉ፣ እኔ አልገባም!» ብላ መለሰችለት። ከዚያ እርምጃዋ ይሰማል፣ ደረጃ ነው፣ ቀስ እያለች ነው የምትወጣው።

«ወደ ኃላፊዋ ቢሮ እየሄድሽ ነው?»

«አዎ። ለእማዬ ግን ምንም እንዳትነግሪያት። ስለ እኔ ስትጠይቅሽ ደህና ናት በያት። እኔም ስላንቺ እንደዚያው ነው የምላት፤ እንዴት እንደሚባል አሁን አውቄበታለሁ።»